ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ

እትዬ አስካለ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ነበር? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዤው እንደኖርኩ መቁጠር ትቻለሁ። ያውቁ ነበር ብዬ ስፈርድባቸው፣ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ጣቴን የያዘው እጃቸው ይመጣብኛል። አያውቁም ነበር ብዬ ነፃ ስለቃቸው ደግሞ፣ ደጃፍ ላይ የቆሙበት ቀን ይመጣና ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት የፔርሙዟን ክዳን ስትከፍት የቅርንፉዱ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያዘዝኩትን ሻይ ሳልጠጣ ተነሥቼ ሄድኩ። ሰው በአንድ ሽታ ይቆጣል? እኔ እቆጣለሁ።

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ወይም አሥራ ሁለት፤ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈልኝ የለም። ሰባዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። አጎቴ እንድሪስ ከወሎ፣ ከከሚሴ አካባቢ፣ ከአባቴ ቤት ሲያመጣኝ፣ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ብሎ በአላህ ስም ተናግሮ ነው። አባቴም የለቀቀኝ ለዚያ ቃል ነው። መርካቶ ስደርስ ምዝገባው አልፎ ስለነበር "ለከርሞ" ተባልኩ። እስከ ከርሞ ድረስ ውሃ ከቦኖ እቀዳለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ፣ የአጎቴን ሚስት የሩቅያን ልብስ አጥባለሁ። ፊት ለፊት እትዬ ነበር የምላት፤ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን አልሰጣትም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን የምጽፈው ፍርድ እንዳላጓድል ብዬ እንጂ እነሱን ላስደስት ብዬ አይደለም።

ግቢያችን ከአብነት ወደ ገበያው ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ስድስት ቤተሰብ የሚኖርበት። ለስድስቱም ቤት የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው። ቆጣሪው በአጎቴ ስም ነው፤ ከእሱ ላይ ቀጫጭን ሽቦ ወደየቤቱ ተስቧል። አንድ ሕግ ነበር፤ ፎርኔሎ መሰካት ክልክል ነው። ያቺ ሸክላዋ ላይ ሽቦ የተጠመጠመባት የኤሌክትሪክ ምድጃ አንድ ጊዜ መስመሩን አቃጥላ ግቢውን ሳምንት ሙሉ ጨለማ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ከዚያ ወዲህ ፎርኔሎ ሲሰካ የተገኘ ሰው መስመሩ እንዲቆረጥ ሽማግሌዎች ተስማምተዋል። ቆራጩም አጎቴ ነው።

ሰኔ ላይ ኮምፒዩተሩ መጣ። የሩቅያ ወንድም ከጂዳ በሰው እጅ ለጀማል የላከለት ነው። ጀማል የአጎቴ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ የተዘጋጀ፣ ግልፍተኛ ግን ቂም የማያውቅ ጎረምሳ ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር ሲባል የምናስበው ነገር አልነበረም። የፊደል ቁልፎቹና ማሽኑ አንድ አካል ናቸው፤ ቢመዘን ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ አይበልጥም። በሽቦ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ የሚሠራውን ነገር የሚቀበለው ከካሴት ነው። ጀማል ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ይከትና ቁልፉን ይጫናል። ቴፑ ሩብ ሰዓት ያህል ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ሲጮኽ ይቆያል፤ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ላይ ጨዋታ ወይም የቁጥር ሠንጠረዥ ብቅ ይላል።

ሲጮኽ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"እየተማረ ነው" አለኝ። "ግን መብራት ከጠፋበት የተማረውን ሁሉ ይረሳል። እንደገና ከሀ ነው።"

ቃሉን እንዳለ ተቀበልኩት። ቁርአን ቤት ልጆች አብረው ሲያነበንቡ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ነበርና፣ ማሽኑም የሚያነበንብ መሰለኝ። ቀናሁበት። ከአሱር ሶላት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ግድም፣ ጀማል ፊቱ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት የሚያስተምረው፣ ዳንቴል የሚለብስ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት የሚጠበቅ ማሽን። በዚያ ቤት ትምህርት የጀመረው እሱ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ሳምንት ሳይሞላው መሞት ጀመረ። ካሴቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠቁራል፣ ማሽኑ ሁሉን ይረሳል። ጀማል ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታና ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንደገና ይሞታል። አንዳንድ ቀን ሦስቴ፣ አንዳንድ ቀን አንዴም አይሞትም። ጠዋት ጠዋት ጤነኛ ነው።

ከጀማል ክፍል ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩት እትዬ አስካለ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ እግራቸው የሚያብጥባቸው፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በቀረፋና በቅርንፉድ የፈላ ሻይ በሁለት ትልልቅ ፔርሙዝ ሞልተው አውቶቡስ ተራ ይወርዳሉ፤ ለመንገደኛና ለተሸካሚ ይሸጣሉ። የሚተዳደሩት በዚያ ነው። ፊደል የቆጠሩት ካረጁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነበር፤ የምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ሆኖ ከማርያም ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። እኔ ከቦኖ ውሃ አመጣላቸዋለሁ፤ እሳቸው ዳሩ ያለቀውን የመሠረተ ትምህርት መጽሐፋቸውን ዘርግተው ያስቆጥሩኛል። ማንም አላዘዛቸውም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። አንድ ቀን ጀሪካኑን ሳወርድ፣ "ነይ ተቀመጪ፤ ይቺ ማን ትባላለች?" አሉኝ፤ ተጀመረ።

ላምባ በቀበሌው ሱቅ በራሽን ነበር የሚሸጠው፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ጨርሶ ጠፍቷል። ስለዚህ ሻያቸውን የሚያፈሉት አልጋቸው ሥር በደበቋት ፎርኔሎ ነበር። ሲያወጧት፣ "ዓይንሽን ከመጽሐፉ አታንሺ" ይሉኛል። አላነሣም ነበር። አንድ ቃል ሳንነጋገር ተስማምተናል።

አጎቴ ሬዲዮ የሚጠግን ተካ የሚባል መካኒክ አስጠራ። ተካ ኮምፒዩተር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ይህን ግን አልተናገረም። ብስክሌቱን ግቢው መሃል አስደግፎ ገባና የቴፑን ጭንቅላት በአልኮልና በጥጥ ጠረገ። በሌላ ቀን መጥቶ ስፒናውን ቀየረ፤ ይሞቃል ብሎም አየር እንዲያገኝ ከማሽኑ ሥር ሁለት የክብሪት ቀፎ አስገባ። ሁለቱንም ቀን ሻይ እየጠጣ እስከ መግሪብ ቁጭ ብሎ ተመለከተው። ማሽኑ እንደ ጨዋ ልጅ ዋለ። በማግስቱ ሞተ።

"ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለ ተካ በመጨረሻ፣ ዕቃውን እየሰበሰበ። "የታመመው ቤታችሁ ነው። አንድ የሚነካው ሰው አለ።"

የሚጠርገው ማን ነው? እኔ ነኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። የታመመው ቤቱ ነው ማለቱ እኮ እውነት ነበር፤ ግን የገዛ አፉ ያወጣውን አልሰማውም። ሰው መፈለግ ሽቦ ከመፈለግ ይቀላል። ዛሬ ድረስ አንድ ባለሙያ ምክንያት ሲያጣ "ሰው ነክቶት ነው" ሲል ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ማታውኑ አጎቴ ጠራኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እሱ ሲቆጣ ነው ዝግ የሚለው።

"ሐዋ፣ ይህ ማሽን ካልዳነ ምዝገባ የሚባል ነገር የለም። ዕቃ የማትጠብቅ ልጅ ደብተር አትጠብቅም።"

በዚህ ዓይነት የማሽኑ በሽታ የእኔ በሽታ ሆነ። ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ማንም ሳያዘኝ ምክንያቱን መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሽታውን ነው። ማሽኑ ሲሞት ሁልጊዜ በግድግዳው ስንጥቅ የቅርንፉድ ሽታ ይመጣል። አገሬ ሴቶች ቅርንፉድ በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ ያስራሉ፤ ጂን ሽታውን አይወድም ይባላል። እንግዲያው፣ አልኩ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚያነበንበው ጂን ነው፤ ቅርንፉድ ሲሸተው ትምህርቱን ጥሎ ይሸሻል። የልጅ ሐሳብ ነው። ግን እንዲሁ አላመንኩትም፤ ልፈትነው ፈለግሁ። እሑድ እሑድ እትዬ አስካለ ሻይ አያፈሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ስመው አማኑኤል ሰፈር እህታቸው ዘንድ ይውላሉ። በአንዱ እሑድ ሩቅያ ለቅሶ ስትሄድ፣ በዋዜማው ከእትዬ አስካለ ብልቃጥ የወሰድኩትን ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ በማሽኑ ጀርባ ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ውስጥ ጣልኩ። ከዚያ በሩ ሥር ምስር እየለቀምኩ ጠበቅሁ። ካሴቱ ጮኸ፤ አለቀ፤ ጀማል እስኪመሽ ተጫወተ። ማሽኑ አልሞተም።

ስለዚህ ሽታው አይደለም። ተካ በሁለት ቀን ያላደረገውን እኔ በአንድ እሑድ አደረግሁ፤ አንዱን ምክንያት ከመንገድ አስወገድኩ። ቅርንፉዶቹ ግን ከገቡበት አልወጡልኝም።

እውነተኛው ምክንያት የተገለጠልኝ ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከሰዓት በኋላው እንደ ምሽት ጨልሞ ስለነበር እትዬ አስካለ አምፖል አብርተዋል። እኔ ጣቴን ፊደል ላይ አድርጌያለሁ። ፎርኔሎዋን ሰኩ። አምፖሉ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቀላ። ከግድግዳው ማዶ የጀማል ቡጢ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሻዩ ፈላ፣ ነቀሉ፤ አምፖሉ ነጣ፤ ማዶ ካሴቱ እንደ አዲስ መጮኽ ጀመረ። ሁለተኛውን ማንቆርቆሪያ ጣዱና ሰኩ። አምፖሉ ቀላ። ቡጢ።

ሦስተኛ አላስፈለገኝም። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው መጽሐፉን ያያሉ።

"ቀጥዪ" አሉኝ። "መብራቱ ደግሞ ጀመረው።"

የማልመልሰው ጥያቄ እዚያ ላይ ተቀምጧል። ቡጢው ለእኔ ከተሰማ ለእሳቸውም ተሰምቷል። ግን ጀማል በትንሹም በትልቁም ጠረጴዛ የሚደበድብ ልጅ ነው። ተካ በመጣባቸው ቀኖች ፎርኔሎዋን ከአልጋ ሥር አላወጧትም። ግን ግቢ ውስጥ እንግዳ ሰው ካለ አያወጧትም ነበር፤ ተካም ሆነ ሌላ። ያውቃሉ ለሚለው ለእያንዳንዱ ማስረጃ አንድ "ግን" አለ፤ ለዚያውም እውነተኛ "ግን"።

ብናገር መስመራቸው ይቆረጣል። ላምባ የለም፤ ሻይ የለም፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚበሉ አላውቅም። የእኔም ፊደል አብሮ ይቆረጣል። ካልተናገርኩ ምዝገባው ይቀራል። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ለብቻው መመዘን አልነበረበትም። ስድስት ቤት አዋቂ ባለበት ግቢ ውስጥ ይህን የምመዝነው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ምዝገባው ሳምንት ሲቀረው ማሽኑ ጨርሶ እምቢ አለ። ጀማል ማብሪያውን ቢጫነው፣ ቢነቅለው፣ ቢሰካው ስክሪኑ ባዶ ነው። ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ተካ ተጠራ፤ ኃይል የሚሰጠው ትራንስፎርመር ተቃጥሏል አለ። ከመጣሁ አይቀር ብሎ ማሽኑንም ፈታውና ገለበጠው። ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ የሩቅያ ዳንቴል ላይ ተንከባለለ።

"አስተግፊሩላህ" አለች ሩቅያ፣ ከጠረጴዛው እየሸሸች። "ድግምት ነው።"

ትራንስፎርመር በቅርንፉድ እንደማይቃጠል የሚያውቅ አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ነበር፤ እሱም ተካ ነው። መፍቻውን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ድግምቱ ለእሱም ተመችቶታል፤ ሁለት ጊዜ መጥቶ ያላገኘው በሽታ ስም አገኘለት።

አጎቴ ቅርንፉዶቹን መዳፉ ላይ አድርጎ ፊቴ ዘረጋቸው።

"ማን ሰጠሽ?"

ያኔ ነው እትዬ አስካለ ሁለቱን ፔርሙዝ አንጠልጥለው ሲወጡ ደጃፉ ላይ የቆሙት። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከአንደኛው ክዳን ሥር እንፋሎት ይወጣል። ሁለት ፔርሙዝ ሙሉ ቅርንፉድ በር ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ሁሉ አዋቂ ለአንዱ እንኳ አልሸተተውም።

"ከእትዬ ሩቅያ የቅመም ጣሳ ሰርቄ ነው" አልኩ።

"ልጅ ናት" አሉ እትዬ አስካለ። "ልጅ ምን ታውቃለች።"

ብለው ሄዱ። አውቶቡስ ተራ ሰው ይጠብቃቸዋል።

ድግምተኛም ሌባም ሆኜ ቀረሁ። ሼህ ቁርአን የቀሩበት ውሃ መጣ፤ ግማሹ በማሽኑ ዙሪያ፣ ግማሹ በእኔ ላይ ተረጨ። የጀማልን ክፍል ደፍ እንዳልረግጥ ተከለከልኩ። መስከረም ሲጠባ የግቢው ልጆች አዲስ ደብተር ታቅፈው ሲወጡ እኔ ቦኖ ላይ ተሰልፌ ነበር፤ ከእኔ በሦስት ዓመት የምታንስ ልጅ፣ "ሐዋ፣ አንቺስ?" ብላኝ አለፈች።

እትዬ አስካለ ማስቆጠሩን አልተዉም። እንዲያውም አበዙት። ከሻዩ በፊት ለእኔ ይቀመጣሉ፤ ራሳቸው የማይችሉትን ቃል ጎረቤት ጠይቀው ይመጣሉ። ካሳ ነበር? ወይስ ልጅቷ ትምህርት ቀረባት ብለው አዝነው ብቻ? ስለ ቅርንፉድ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። እርሳሱን እንደ ቢላ ነበር የምይዘው፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። "ቀስ በይ፤ ፊደል ጠላትሽ አይደለም" ይሉኛል። ጠላቴ ማን እንደሆነ ግን አይጠይቁኝም። ማንበብን የተማርኩት በፍቅር ነው ብል ዋሽቻለሁ። በንዴት ነው የተማርኩት፤ ንዴት ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ከመጽሐፉ ቀና አያደርግም።

ግንቦት ላይ ከጂዳ ሌላ ትራንስፎርመር መጣ። ማሽኑ ተነሣ፤ ከአሱር በኋላ ደግሞ እንደ ልማዱ ሞተ። እኔ ያን ክፍል ዘጠኝ ወር አልረገጥኩም። አሁንስ ማን ነካው ብሎ የጠየቀ የለም። ሩቅያ፣ ድግምት ሥር ይሰዳል አለች፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ሐምሌ ላይ የእትዬ አስካለ እግር ፔርሙዝ ይዞ መሄዱን እምቢ አለ። እህታቸው ከአማኑኤል መጥተው ይዘዋቸው ሊሄዱ ሆነ። ጓዛቸው አንድ ጋሪ አልሞላም። እኔን ወደ ውስጥ ጠርተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር እጄ ላይ አስቀመጡ። ሳልፈታው አውቄዋለሁ።

"ይቺ ላንቺ ናት" አሉኝ። "ሲያስፈልግሽ ትሰኪያታለሽ።"

ይህ ጥፋትን መናዘዝ ነው ወይስ የዕቃ ስጦታ ብቻ? አላውቅም። ጉንጬን ሳሙኝና ጋሪው ላይ ወጡ። ፎርኔሎዋን ከምተኛበት ጆንያ ሥር ሸሸግኋት።

ማሽኑ ዳነ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድም ጊዜ አልሞተም። የቤቱ ሰው ምስጋናውን ለሼሁ ውሃ ሰጠ፤ ጥቂቱን ደግሞ ለእኔ መታረም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አጎቴ ጀማል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠራኝ። ዝናብ ነበር፤ አምፖሉ በርቷል፤ ካሴቱ ጮኾ ጨርሶ ስክሪኑ ላይ የቁጥር ሠንጠረዥ ተዘርግቷል።

"ሐዋ፣ ያለፈው አልፏል" አለኝ፣ በደህና ድምፅ። "ይቅር ብለንሻል። ነገ ጀማል ወስዶ ያስመዘግብሽ።"

"ጉልበቱን ሳሚ እንጂ" አለች ሩቅያ።

ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነው። ጎንበስ ብዬ ስሜ መውጣት ነበረብኝ። ምንም ልናገር ምንም ዝም ልበል የሚቆረጥ የእትዬ አስካለ መስመር የለም፤ የሚቆረጥ ቢኖር የእኔ ምዝገባ ነው። ግን ይቅር የተባልኩት ላላደረግሁት ነገር ነው። ያን ይቅርታ ይዤ ትምህርት ቤት ብገባ፣ ዕድሜ ልኬን የእነሱ ድግምተኛ ሆኜ ነው የምማረው። ወጣሁና ከጆንያው ሥር ፎርኔሎዋን አምጥቼ ዳንቴሉ ላይ አስቀመጥኳት። ማንም ምን ልታደርጊ ነው ሳይለኝ ሰካኋት።

አምፖሉ ቢጫ ሆነ፤ ቀላ። የቁጥሩ ሠንጠረዥ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ጀማል ቡጢውን አነሣ፤ ግን አልመታም፤ አየር ላይ እንደያዘው ወደ አምፖሉ አንጋጠጠ።

"የእትዬ አስካለ ናት" አልኩ። "በየቀኑ ከአሱር በኋላ ይሰኳት ነበር። እኔ ምንም አልነካሁም።"

አጎቴ ከአምፖሉ ወደ ፎርኔሎዋ፣ ከፎርኔሎዋ ወደ እኔ ተመለከተ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"አምና። ከምዝገባው በፊት።"

"ታዲያ አፍ አልነበረሽም?" አለች ሩቅያ።

"ነበረኝ፣ እትዬ። እናንተ የጠየቃችሁኝ ቅርንፉዱን ማን እንደሰጠኝ ነው። ማሽኑ ለምን እንደሚሞት የጠየቀኝ የለም።"

"ብትነግሪኝ እኮ መስመራቸውን እቆርጥ ነበር" አለ አጎቴ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

"አውቃለሁ። ፊደል የሚያስቆጥሩኝ ደግሞ እሳቸው ብቻ ነበሩ።"

አጎቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ስፒናውን ሊነቅል እጁን ዘረጋ።

"ይተዉት፣ ጋሼ" አልኩት። የዚያን ቤት ሰው ሳዝዝ የመጀመሪያዬ ነው። "ትንሽ ይቆይ።"

እጁን መለሰ። የፎርኔሎዋ ሽቦ ቀስ እያለ ቀላ፤ ሸክላዋ ላይ ለዓመታት ገንፍሎ የደረቀው ሻይ ይጤስ ጀመር። ያን ጊዜ፣ አምፖሉ እንደደበዘዘ፣ የቅርንፉዱ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ለሁሉም ሸተታቸው።